ዝነኛው ልብ ወለድ ካለቀ በኋላ አንባቢው የት ይሄዳል?

በጥር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) “ኦኒክስ ስቶርም” የተባለው የርብቃ ያሮስ ልብ ወለድ ለገበያ በቀረበበት የመጀመሪያ ሳምንት ከ2.7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተዘገበ። በዚያው ዓመት ናሽናል ሊተረሲ ትረስት የተባለው የብሪታንያ የንባብ በጎ አድራጎት ድርጅት ዓመታዊ ጥናቱን ሲያወጣ፣ ከ8 እስከ 18 ዓመት ካሉት ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው ማንበብ ደስ እንደሚላቸው የተናገሩት 32.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ከ2005 ወዲህ የተመዘገበው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ሁለቱ ዜናዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥያቄ ማስነሳታቸው አይቀርም። መጻሕፍት በዚህ ፍጥነት እየተሸጡ አንባቢ እንዴት ይመናመናል?

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጫፍ ይቆማል። አንዱ ወገን፣ ሁሉም ሰው የሚያወራለት አንድ መጽሐፍ መጽሐፍ የማይነካውን ሰው አንባቢ ያደርገዋል ይላል። ሌላው ደግሞ ሞቅታው ሲበርድ ንባቡም አብሮ ይበርዳል ባይ ነው። ያሉት ጥናቶች ሲታዩ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ዝነኛ ልብ ወለድ ሰውን ማስጀመር ይችላል፤ ማቆየት ግን ብዙም አይሆንለትም። ጀማሪው የሚቆየው ወይም የሚቀረው ያ መጽሐፍ ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት በሚሆነው ነገር ነው፤ እነዚያን ሳምንታት ደግሞ የሚያስብላቸው ሰው ጥቂት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የክርክሩ ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው የሃሪ ፖተር ተከታታይ ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1997፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው በሐምሌ 2007 ታተመ። በዓለም ዙሪያ ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ2000 ለልጆች መጻሕፍት የተለየ የሽያጭ ዝርዝር ማውጣት የጀመረው እነዚህ ቅጾች የአዋቂዎቹን ዝርዝር አናት ስለያዙት ነው። አንድ ልብ ወለድ የአንድን ትውልድ የንባብ ልማድ መለወጥ ከቻለ፣ ለውጡ መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ተስፈኞቹ የተከታታዩ የአሜሪካ አሳታሚ ስኮላስቲክ በ2006 ያስጠናውን ጥናት ይጠቅሳሉ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው የሃሪ ፖተር አንባቢዎች 51 በመቶው፣ ተከታታዩን ከመጀመራቸው በፊት ለደስታ ብለው መጽሐፍ አያነቡም እንደነበር ተናግረዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሊያሸክሙት የሚፈልጉትን ሁሉ አይችልም። አንደኛ፣ የተጠየቁት መጽሐፉን የወደዱትና የዘለቁበት ናቸው፤ ሁለት ምዕራፍ አንብበው የተዉት አልተቆጠሩም። ሁለተኛ፣ ልጁ የተጠየቀው የድሮ ልማዱን አስታውሶ እንዲናገር ነው። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉም የማከብደው፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ከ5 እና 6 ዓመቱ ጀምሮ የተቆጠረ ልጅ “በፊት አላነብም ነበር” ቢል የሚደንቅ አይደለም፤ ፊደል የለየው ገና በቅርቡ ነውና ያ መጽሐፍ ባይኖርም በሌላ ሊጀምር ይችል ነበር።

ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የትምህርት ምዘና ያነሳሉ። ምዘናው ለረጅም ዓመታት ተማሪዎችን “ለደስታህ ብለህ በየቀኑ ወይም በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ታነባለህ?” ብሎ ሲጠይቅ ቆይቷል። ከ9 ዓመት ልጆች “አዎ” ያሉት በ1984 53 በመቶ፣ በ2004 54 በመቶ ነበሩ። ከ17 ዓመት ወጣቶች ግን በ1984 31 በመቶ፣ በ2004 22 በመቶ፣ በ2012 19 በመቶ ናቸው። በ2004 9 ዓመቱ የነበረ ልጅ በ2012 17 ዓመት ይሞላዋል። ያ ትውልድ ተከታታዩ በጦፈበት ዘመን ያደገ ነው፤ ከ54 ወደ 19 በመቶ ወርዷል። ምዘናው እነዚያኑ ልጆች አንድ በአንድ ባይከታተልም፣ የአንድ ትውልድን ልማድ በሁለት ዕድሜ ላይ ያሳያል።

ይህ ግን ዝነኛ መጽሐፍ ምንም አልሠራም ማለት አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ ንባብ መቀነሱ የመጀመሪያው ቅጽ ከመታተሙ በፊትም የነበረ ነው፤ ተከታታዩ ባይኖር ቁልቁለቱ የባሰ ይሆን እንደነበር ከአገር አቀፍ አማካይ ማወቅ አይቻልም። ደፍሮ መናገር የሚቻለው፣ በታሪክ ከታዩት ሁሉ ገናናው የልጆች ተከታታይ እንኳ ቁልቁለቱን አላስቆመውም የሚለውን ነው። በአዋቂዎችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በአሜሪካ በዓመት ውስጥ ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ተውኔት ያነበቡ አዋቂዎች በ2002 46.7 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ወደ 50.2 በመቶ ከፍ ብለው ብዙ ተስፋ ተጣለበት፤ በ2012 ግን ወደ 47 በመቶ ገደማ ተመለሱ።

በግለሰብ ደረጃ የተሠራ አንድ አነስተኛ ጥናት የተለየ ነገር ይጠቁማል። በ2000 ስቲቨን ክራሸንና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ 214 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን “ንባብ እንድትወድ ያደረገህ አንድ መጽሐፍ አለ?” ብለው ጠየቁ። 53 በመቶዎቹ “አለ” አሉ። ስሙን ሲጠየቁ ግን የጠሩት ብዙ ዓይነት መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ሰውን ሊያነሳሳ ይችላል የሚለው አባባል መሠረት አለው፤ ያ መጽሐፍ ለሁሉም አንድ ይሆናል የሚለው ግን ውሃ አያነሳም።

“የማያነብ ሰው” ማን ነው?

በሕዝብ ክርክር ውስጥ “የማያነቡ” ተብለው አንድ ላይ የሚታጎሩት ሁለት በጣም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ማንበብ ይችላል፤ ግን አይፈልግም፣ ወይም ጊዜውን ለሌላ ነገር ሰጥቶታል። ሌላው ንባቡ ራሱ ይከብደዋል። ዝነኛ ልብ ወለድ የሚደርሰው በአመዛኙ ለመጀመሪያው ነው።

ልዩነቱን በሰዓት ማስላት ይቻላል። የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር ቅጽ በእንግሊዝኛው 77,000 ያህል ቃላት አሉት። አንድ አዋቂ በቋንቋው ልብ ወለድ ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ ወደ 260 ቃል ይሄዳል፤ መጽሐፉን በ5 ሰዓት ይጨርሰዋል። በደቂቃ 100 ቃል የሚያነብ ልጅ ግን ወደ 13 ሰዓት ያስፈልገዋል። በቀን 20 ደቂቃ ቢያነቡ የመጀመሪያው በ15 ቀን፣ ሁለተኛው በ39 ቀን ይጨርሳሉ። አምስተኛው ቅጽ ደግሞ 257,000 ያህል ቃላት ያሉት ነው፤ ለዘገምተኛው አንባቢ ያው 20 ደቂቃ በቀን ከአራት ወር በላይ ይወስድበታል። በዚህ ርቀት የታሪኩ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተዋወቀውን ገጸ ባሕርይ በአሥረኛው ሳምንት ሲያገኘው ረስቶታል። እንዲህ ያለው ልጅ መጽሐፉን የሚተወው ስለ ሰነፈ አይደለም።

ሁለተኛው እንቅፋት የማይታወቁ ቃላት ብዛት ነው። በቋንቋ ትምህርት ዘርፍ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሰው ያለ ረዳት ተመችቶት ለማንበብ በጽሑፉ ካሉት ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት። 250 ቃል ባለው ገጽ ይህ 5 የማያውቃቸው ቃላት ማለት ነው። ዕውቀቱ ወደ 95 በመቶ ዝቅ ቢል በዚያው ገጽ የማይታወቁት ቃላት 12 ወይም 13 ይደርሳሉ፤ ያኔ ንባብ ወደ ግምት ይለወጣል። መምህራን የሚጠቀሙበት የአምስት ጣት ዘዴ ከዚሁ ጋር ይገጥማል፦ ልጁ ከመጽሐፉ መሐል አንድ ገጽ ገልጦ ያነባል፣ ለማያውቀው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ያጥፋል፤ ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ለብቻው ይከብደዋል። ሁሉም እኩዮቹ ያንን መጽሐፍ ስለያዙ ብቻ እንዲጨርሰው ማስገደድ ንባብ የእሱ እንዳልሆነ ማረጋገጫ መስጠት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪት ስታኖቪች በ1986 በንባብ ላይ “የማቴዎስ ውጤት” ብሎ የገለጸው ክስተት እዚህ ላይ ይገባል። ስያሜው “ላለው ሁሉ ይሰጠዋል” ከሚለው የወንጌል ቃል የመጣ ነው፦ ጥሩ የሚያነብ የበለጠ ያነባል፣ የበለጠ ስላነበበም የበለጠ ይችላል፤ የሚቸገረው ደግሞ ይሸሻል፣ ስለሸሸም ወደ ኋላ ይቀራል። ከ11,000 በላይ በሆኑ የሰባት ዓመት ተኩል የኔዘርላንድ መንታ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2018 የወጣ ጥናትም በዚያ ዕድሜ የልጁ ችሎታ የሚያነበውን መጠን እንደሚወስን፣ ተገላቢጦሹ ግን እንዳልታየ አሳይቷል። እንግዲህ ለታናናሾቹ መጀመሪያ የሚቀድመው አቀላጥፎ ማንበብን ማስተማር ነው። ያን የማስተማር ሥራ የትኛውም ዝነኛ መጽሐፍ ሊተካው አይችልም።

ዝነኛ መጽሐፍ የሚሠራበት መንገድ

ማንበብ ለሚችለው ግን የሚሠራው ነገር ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው ጉልበቱ ከታሪኩ ውጭ ነው። ንባብ ብቸኝነት የሚጠይቅ ተግባር ነው፤ መጽሐፍ የማያነብን ሰው ከሚያርቁት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ሁሉም የሚያወራለት ልብ ወለድ ይህን ይገለብጠዋል፤ ያላነበበው ከወሬው ይቀራል፣ ያነበበው አስተያየት ያገኛል፣ መጨረሻውን ማንም ሳይነግረው ለመድረስ ይጣደፋል። በ1997 አለን ዊግፊልድና ጆን ገትሪ የልጆችን የንባብ ተነሳሽነት ሲመድቡ እንዲህ ያለውን ማኅበራዊ ግፊት በታሪኩ ከመመሰጥና ከማወቅ ጉጉት ለይተው አስቀምጠውታል። መለየቱ ተገቢ ነው፤ ማኅበራዊው ግፊት ኃይለኛ ቢሆንም ወሬው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በታሪክ መመሰጥን የቀመሰ ሰው ግን ወሬ ሳይኖርም ወደ መጽሐፍ ሊመለስ ይችላል። ዝነኛ መጽሐፍ ሥራውን ሠራ የሚባለው ገና ሞቅታው ሳይበርድ አንባቢውን ከመጀመሪያው ግፊት ወደ ሁለተኛው ሲያሻግረው ነው።

ሁለተኛው ጉልበት የተከታታይነቱ ነው። ማንኛውም ልብ ወለድ የመጀመሪያዎቹ 30 እና 40 ገጾች ይከብዳሉ፤ ስሞቹ፣ መቼቱ፣ የደራሲው አጻጻፍ ሁሉ አዲስ ናቸው። ልምድ ያለው አንባቢ ይህን ክፍል ታግሦ ያልፈዋል፤ ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ነው። ተከታታይ ሥራ ይህን ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፍላል። ከሁለተኛው ቅጽ ጀምሮ ሰዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ደራሲው የሚደጋግማቸው ቃላትም እንዲሁ።

የመጠኑ ነገርም አለ። በ155 የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ1988 የታተመና ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ጥናት እንዳሳየው፣ መካከለኛው ተማሪ ከትምህርት ቤት ውጭ መጽሐፍ የሚያነበው በቀን 4.6 ደቂቃ ነው፤ በዓመት 282,000 ቃል ያህል መሆኑ ነው። ሰባቱ የሃሪ ፖተር ቅጾች ተደምረው ከአንድ ሚሊዮን ቃል ይበልጣሉ። እንዲህ ያለው ተማሪ ሰባቱንም ቢያነብ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ንባቡን በአንድ ታሪክ ጨረሰ ማለት ነው። ይህን ያህል ንባብ በፍጥነቱና በቃላት ክምችቱ ላይ አሻራ ሳይተው አያልፍም።

ልማድ ግን በመጠን ብቻ አይሠራም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 ባወጡት ጥናት አንድ አዲስ የዕለት ተግባር ያለ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል ተብሎም ተገምቷል። አዲሱ ተግባር የሚታሰረው ከተወሰነ ሰዓት ወይም ቦታ ጋር ነው። ስለዚህ ዝነኛውን መጽሐፍ በሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የጨረሰ ሰው ደስታውን አገኘ እንጂ ልማዱን አልተከለም። በሌላ በኩል ሰባቱን ቅጾች በደቂቃ 200 ቃል፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ከመኝታ በፊት የሚያነብ ልጅ ዘጠኝ ወር ያህል በዚያው ሰዓት ያነባል። እንቅልፍ ያሳጣው መጽሐፍ ይበልጥ የሚወራለት ቢሆንም፣ ለዘላቂነት የሚሻለው የሁለተኛው ልጅ መንገድ ነው።

የሚበጠስበት ቦታ

የመጀመሪያው መበጠሻ በቅጾች መካከል ያለው ክፍተት ነው። የሃሪ ፖተር አራተኛ ቅጽ በሐምሌ 2000፣ አምስተኛው በሰኔ 2003 ወጣ። በአራተኛው ጊዜ 10 ዓመቱ የነበረ ልጅ በአምስተኛው 13 ሞልቶታል። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሌላ መጽሐፍ ካልያዘ፣ የሚቀጥለውን ቅጽ ሲገዛ የሚያነበው እንደ አንድ ትልቅ ክስተት ነው፤ በሁለቱ መካከል አንባቢ አልነበረም። ብዙዎች የአንድ ደራሲ ተከታይ ሆነው ይቀራሉ፤ ሽያጩ ሲታይ አንባቢ የበዛ ይመስላል፣ የንባብ ጥናቱ ግን አያገኛቸውም። በመግቢያው ላይ ያየናቸው ሁለት ዜናዎች በከፊል የሚታረቁት እዚህ ላይ ነው፤ በከፊል ደግሞ የዛሬዎቹን ገናና ልብ ወለዶች በብዛት የሚገዙት አዋቂዎች በመሆናቸው። የተሸጠ ሁሉ አይነበብም፤ የተነበበም ሁሉ ቀጣይ አይኖረውም።

ሌላው መበጠሻ ከወላጅና ከመምህር መልካም ሐሳብ የሚመጣ ነው። ልጁ አንድ ተወዳጅ ልብ ወለድ ሲጨርስ “አሁንማ አንባቢ ሆነሃል” ተብሎ ወዲያው ከባድ የሚባል ጥንታዊ ሥራ ይሰጠዋል። ፈጣን ውይይት ከለመደ ጽሑፍ ወደ ረጃጅም ገለጻ በአንድ እርምጃ መዝለል ነው። መጽሐፉ በ20ኛው ገጽ ይዘጋል፤ ልጁም የመጀመሪያው መጽሐፍ ልዩ ስለነበር እንጂ ንባብ ራሱ ደስ አይልም ብሎ ይደመድማል።

ሽልማትም ይጎዳል። በ1973 ማርክ ሌፐርና ሁለት ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ለሦስት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ሽልማት ቃል ገቡ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ጠብቀው የሣሉት ሕፃናት ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። በራሱ ፈቃድ ዝነኛውን መጽሐፍ ላነሳ ልጅ በገጽ ብዛት ነጥብ መስጠት ይህንኑ አደጋ ይጋብዛል። ፊልሙ ስለሚያመጣው ጉዳት ብዙ ይባላል፤ ፊልሙን ሊያይ ሲል መጽሐፉን የሚያነሳም አለና በእኔ ግምት የፊልሙ ጉዳይ ከሽልማቱ ይልቅ ያነሰ ነው።

“ቀላል” ንባብ ንባብ ነው?

ይህ ሙግት አዲስ አይደለም። በ1914 የአሜሪካ ቦይ ስካውት ዋና ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፍራንክሊን ማቲውስ፣ ርካሽ ተከታታይ ልብ ወለዶች የልጆችን አእምሮ እንደሚያበላሹ ጽፎ ነበር። በኋላ ተመራማሪዋ ካተሪን ሼልድሪክ ሮስ አጥብቀው የሚያነቡ አዋቂዎችን ስታነጋግር፣ ብዙዎቹ ወደ ንባብ የገቡት እንዲያ በተወገዙ ተከታታዮች እንደነበር ነገሯት። ማስረጃው አንድ ጉድለት አለበት፤ የተጠየቁት የዘለቁት ብቻ ናቸው፣ ያንኑ አንብበው የቀሩት ድምፅ አልሰጡም። ቢሆንም ቀላል ንባብ የኋላውን እንደማይዘጋ ያሳያል። በ35 አገሮች ያሉ 15 ዓመት የሞላቸውን ተማሪዎች መረጃ የተነተነው የጆን ጄሪምና የጌማ ሞስ ጥናት (2019) ደግሞ ልብ ወለድ አዘውትረው የሚያነቡት በንባብ ፈተና ብልጫ እንዳላቸው፣ በጋዜጣ፣ በመጽሔትና በኮሚክ ግን ተመሳሳይ ብልጫ እንደማይታይ አመልክቷል። ጥናቱ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ አይወስንም፤ ረጅምና ተያያዥ ታሪክ የሚሰጠውን ልምምድ ግን ማቃለል አይገባም።

ሁለተኛው መጽሐፍ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባራዊ መደምደሚያ ጠባብ ነው፦ ቀጣዩ መጽሐፍ ዝነኛው ከማለቁ በፊት በእጅ መገኘት አለበት። ፍለጋው የሚጀመረው የመጨረሻዎቹ 100 ገጾች ላይ ሲደረስ ነው፤ ከጨረሰ በኋላ ያለው ባዶ ሳምንት በቀላሉ በሌላ ነገር ይሞላል።

ምርጫው ላይ የተለመደው ስህተት በዘውግ መሄድ ነው። ጠንቋይ ያለበት ከወደደ ሌላ ጠንቋይ፣ ፍቅር ከወደደ ሌላ ፍቅር ይሰጠዋል። ልምድ ያላቸው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ግን አራት ነገር ይለያሉ፦ የትረካው ፍጥነት፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ የታሪኩ አካሄድና መቼቱ። “መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?” ከማለት ይልቅ “ለጓደኛህ የነገርከው የቱን ክፍል ነው?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስለ ጓደኝነቱ የሚያወራ ልጅ ምትሃት የሌለበት የጓደኛሞች ታሪክ ሊስማማው ይችላል፤ ስለ ምስጢሩ አፈታት የሚያወራው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ይፈልግ ይሆናል። ምዕራፎቹ አጫጭር ስለሆኑ በፍጥነት ሄደልኝ የሚል ደግሞ ስለ ምንም ይሁን አጫጭር ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

አንድ መጽሐፍ ከመስጠት ሦስት አቅርቦ ማስመረጥ ይመረጣል፤ አንድ ብቻ የተሰጠው መጽሐፍ እንደ ቤት ሥራ ይቆጠራል። ቢቻል ከሦስቱ ሁለቱ ከጨረሰው ያጠሩ ይሁኑ፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ዋናው ሥራው ማለቅ ነው። የመተው ፈቃድም አብሮ ይሰጥ። የሲያትሏ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ያስተዋወቀችው ደንብ ግልጽ ነው፦ 50 ገጽ አንብብ፣ ካልያዘህ ተወው፤ ከ50 ዓመት በላይ ከሆንክ ዕድሜህን ከ100 ቀንሰህ የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ሞክር። ለልጆች 50 ገጽ ብዙ ሊሆን ስለሚችል 20 ወይም 30 ይበቃል። የንባቡ ሰዓትና ቦታ ግን መጽሐፉ ቢቀየርም አይቀየር፤ የተተወው ይነበብ የነበረው ከመኝታ በፊት ከሆነ አዲሱም የሚጀመረው ከመኝታ በፊት ነው።

ውጤቱን ለመለካትም የሽያጭ አኃዝ አያስፈልግም። አንድ ቤተ መጻሕፍት ዝነኛውን ልብ ወለድ የተዋሱትን በቁጥር ይለያል፤ ከዚያ ውስጥ ቀደም ባለው አንድ ዓመት ምንም ያልተዋሱትን ይነጥላል። ከእነዚህ መካከል መጽሐፉን በመለሱ በ30 ቀን ውስጥ የሌላ ደራሲ መጽሐፍ የወሰዱት ስንት ናቸው? በስድስተኛው ወርስ አሁንም የሚዋሱት? ሁለቱን ቁጥሮች ከውሰት መዝገቡ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከበዛ፣ ጉድለቱ ያለው ዝነኛውን መጽሐፍ በማስተዋወቁ ላይ ሳይሆን ከሁለተኛው መጽሐፍ በኋላ በተተወው ክትትል ላይ ነው።